ሁሉን የሚጠጣ ሞተር

ይሄይስ ሰው የሚያሻግረው በቅል ነበር። የትልልቅ ቅሎች አፍ በሰም ይደፈናል፤ ቅሎቹ በጠፍር ይያያዛሉ፤ በላያቸው የበሬ ቆዳ ይነጠፋል። ተሻጋሪው ቆዳው ላይ ቁጢጥ ሲል ይሄይስ ከኋላ እየዋኘ ይገፋዋል። ከቡሬ ወደ ወለጋ የሚወርድ ነጋዴ፣ ከወለጋ ቡና ይዞ የሚመለስ፣ ለሙግት የሚሄድ፣ ከሙግት የሚሸሽ፣ ሁሉም ዓባይ ዳር ሲደርስ የሚጣራው የእሱን ስም ነው። አባቱም በዚሁ ሥራ ኖሯል። አያቱን በዚሁ ሥራ ላይ አዞ በላው ይባላል። ይሄይስ ግን አያቱን የገደለው አረቄ ነው ይላል፤ አዞው የመጣው ዘግይቶ ነው።

ዋናውን የሚያማ የለም። ጠባዩን ግን ብዙ ሰው ያማዋል። ወንዙ መካከል ሲደርስ መግፋቱን ያቆምና «ደከመኝ» ይላል። ውሃው ወደ ታች መውሰድ ሲጀምር ተሻጋሪው ይደነግጣል። ያኔ ይሄይስ ጨዋታ ያመጣል።

«እስቲ ሚስትህ ለምን ጥላህ ሄደች? እውነቱን ንገረኝ። እዚህ ከዓሣ በቀር የሚሰማህ የለም።»

ሰውየው ይናገራል። ይሄይስም ድካሙ ይለቀውና ይገፋል። በዚህ ዓይነት ከቡሬ እስከ ደምበጫ በማን ቤት ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ሆነ። ሚስቱ አደይ «ቄስ ብትሆን ይሻልህ ነበር፤ ቢያንስ ልብስህ አይረጥብም» ትለዋለች።

አደይ አረቄ ታወጣለች። የአረቄ ቤቷ ወደ ዓባይ በምትወርደው ጅረት ዳር ናት፤ አረቄ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ አይወጣም። አንድ ጊዜ ያወጣችውን መልሳ ታወጣዋለች፤ ይህ ዳግም ይባላል። የአደይ ዳግም እሳት ላይ ጠብ ሲል ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል። ጉሮሮ ላይ ጠብ ሲልም እንደዚያው ነው ይላሉ የቀመሱት።

ጣሊያን ቡሬ ከገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጋው ላይ፣ መሻገሪያው ድረስ ወረደ። ከወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት ከተማ፣ አንዲት ጀልባ በመኪና መጣች፤ መንገድ ሲያልቅ በሰው ትከሻ ቆላ ወረደች። ከኋላዋ አንድ ብረት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ መኳንንት በቃሬዛ ተከተላት። ሞተር ነው ተባለ። ከጀልባዋ ጭራ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከታች ያለው መዘውር ውሃውን ይመታል፤ ጀልባዋ ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ማረሻሎ ጋቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ማረሻሎ ከተራ ወታደር ከፍ፣ ከመኮንን ዝቅ ያለ ሹም ማለት ነው። ጋቢኖ አስካሪዎቹን፣ ማለትም ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮቹን፣ ይዞ ወንዙ ዳር ድንኳን ተከለ። ከእንግዲህ በቅል መሻገር ክልክል ነው፣ ሲዋኝ የተገኘ ይተኮስበታል አለ። የይሄይስን ቅሎችም በሰደፍ አስሰበራቸው።

በመጀመሪያው ቀን ጀልባዋ ቋጥኝ ላይ ወጣች። በማግስቱ ሌላ ቋጥኝ ላይ ወጣች። ማረሻሎው የውሃውን ውስጥ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ አለ። ይሄይስም ቅሎቹን ከሰበሩበት ሰዎች ጋር፣ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ግራና ቀኝ የሚያሳይ ሆነ። የአገሩ ሰው «የጣሊያን ጣት» የሚል ስም አወጣለት። ቅር አላለውም። ጣቱ የሚያሳየው አቅጣጫ ሁልጊዜ ትክክል እንዳልነበረ እሱ ያውቃል፤ የጀልባዋ ሆድም ያውቃል።

ሞተሩ ሁሉን ይጠጣል። ሲነሣ ትንሽ ቤንዚን ይቀምሳል፤ ከሞቀ በኋላ ላምባም ስጠው አልኮልም ስጠው አይመርጥም። ማረሻሎው በዚህ ጠባዩ ይኮራበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አርበኞች የቡሬን መንገድ ቆረጡ። ቤንዚን የቀረው በአንዲት ጣሳ ነው፤ እሷንም ማረሻሎው ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ላምባው ጨርሶ አለቀ። ያኔ አስተርጓሚውን ጠርቶ በዚህ አገር አልኮል የሚያወጣ ሰው አለ ወይ አለ።

አስተርጓሚው ተስፋው ምጽዋ ወደብ ሠርቶ ጣሊያንኛ የለመደ የቡሬ ሰው ነው። ረጅሙን ንግግር በአጭሩ፣ አጭሩን በረጅሙ የመተርጎም ልማድ ነበረው። አሁንም «አለ» ለማለት ብዙ ተናገረ። ከተናገረውም ውስጥ ለአስተርጓሚ የሚገባው ድርሻ አልተረሳም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደይ ዳግም ለሞተር ማቅረብ ግዴታዋ ሆነ። ሰውም በነገሩ ላይ ብዙ ተከራከረ። አንድ ገበሬ የቆላውን ሚካኤል ቄስ አባ ወልደ ዮሐንስን አስቁሞ ጠየቃቸው።

«አባ፣ ይህ ብረት ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ይጠጣል። ጦሙን አልገደፈም ይላሉ?»

«ቅቤ ጠጥቷል?»

«ኧረ አልጠጣም።»

«እንግዲያ ከአንተ ይሻላል» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አረቄው ሞተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት መፈተን አለበት። ውሃ ካለበት ሞተሩ ይበላሻል ይላል ማረሻሎው። ስለዚህ ከእንስራው አፍ ይፈትናል፤ ከመካከሉ ይፈትናል፤ ከሥሩ ይፈትናል። አስካሪዎቹ ማረሻሎው ተሳስቶ እንደሆነ ብለው ደግመው ይፈትናሉ። ይሄይስ የሚስቱ እጅ ነውና እሷን ለማክበር ይቀምሳል። ለሞተሩ የሚደርሰው ከንፈሩን የሚያርስ ያህል ነው። አደይ ይህን ስታይ ሞተሩን ራሷ ማጠጣት ጀመረች። እንስራውን አዝላ ትወርዳለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ታንቆረቁራለች፣ የሞተሩ ማስነሻ ገመድ ሲጠመጠምና ሲሳብ ቆማ ታያለች። ማንም «ሂጂ» አላላትም። ባለ እንስራን ማን ሂጂ ይላል።

ግንቦት ሲገባ የአደይ ወንድም ባዬ ተመትቶ መጣ። አርበኛ ነው። የቡሬ መንገድ ላይ ጥይት ጭኑን አገኘው። ጓደኞቹ በሸክም አምጥተው የአረቄ ቤቷ ውስጥ ጣሉትና እነሱ ሩቅ ዞረው፣ ጠባቂ የሌለበት ቦታ ዋኝተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ማዶ ጫካው ውስጥ ይጠብቁታል። የታወቀ ወጌሻም አላቸው። ባዬ ግን ከብቅሉ ክምር ጀርባ፣ በጌሾ ቅጠል ተሸፍኖ ተኝቷል። አስካሪዎቹ አረቄ ሊወስዱ ሲመጡ በሩ ላይ የሚቆሙት ከእሱ ሁለት ክንድ ርቀው ነው። የብቅሉና የአንቡላው ሽታ እስካሁን ሸፍኖታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አደይ ቁስሉን ፈታ አየችው። መልሳ ስታስረው ፊቷ ተለውጦ ነበር። ይሄይስን ወደ በሩ ጠራችው።

«እግሩ ሸተተኝ» አለች ቀስ ብላ። «ወጌሻው ጋ ካልደረሰ ከሳምንት አያልፍም።»

ባዬ ሰምቷል። «በቅል ውሰደኝ» አለ ከክምሩ ጀርባ።

«አንተን? ይህ እግርህ ለአዞ የድግስ ጥሪ ነው» አለ ይሄይስ። «አዞው ቢተውህ አስካሪው አይተውህም። ትናንት የተንሳፈፈ ግንድ አይተው ተኩሰዋል።»

«ግንዱ ምን ሆነ?»

«ሳቱት።»

«እንግዲያ እኔንም ይስቱኛል።»

«አንተ ከግንዱ ትወፍራለህ።»

«ተዉ እንግዲህ» አለች አደይ። «የሚሻገረው በጀልባዋ ነው።»

ሁለቱም አዩዋት።

«እኔ እነዳታለሁ። ሀብትነሽ ትረዳኛለች።» ሀብትነሽ ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ እሱ በሕይወት ሳለም ከእሱ የበለጠ ሸክም ትሸከም የነበረች ሴት። «የሚያስፈልገኝ ወንዙ ዳር አንድም ወንድ የሌለበት ግማሽ ቀን ነው። እሱን አንተ ፈልግልኝ።»

«ጠባቂዎቹን ምን ላድርጋቸው? ሠርግ ልጥራ?»

«አንተ የሰው ሁሉ ምሥጢር ያለህ ሰው አይደለህ። አስብ።»

ይሄይስ አሰበ። ማሰቡን የጨረሰው በሚቀጥለው ቀን ነው፤ የረዳውም ቡሬ ያለው የማረሻሎው አለቃ፣ ካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑ በመልእክተኛ እንዲህ አስባለ፦ ጀልባዋ የምትሻገረው አልፎ አልፎ ነው፤ የምትጠጣው ግን የሻለቃ ጦር የሚጠጣውን ያህል ነው። ሌባ አለ። ይያዝ። ካልተያዘ ማረሻሎው ራሱ ቡሬ መጥቶ ያስረዳ።

በዚያ ቀን ሲሻገሩ ማረሻሎው መልእክቱን ያሰላስል ነበር። ሌባው ማን እንደሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሚፈልገው ሌላ ሌባ ነው። ይሄይስ ፊቱን ከውሃው ሳያነሣ ለተስፋው ተናገረ።

«እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ አውጫጭ ይቀመጣል በለው።»

ተስፋው ተረጎመ። ማረሻሎው ምንድነው አለ።

«የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ላይ ይቀመጣል» አለ ይሄይስ። «ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ወፍ የሚባል ሰው ይመረጣል። ሁሉም በተራ ለወፉ የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። ወፉ የሌባውን ስም ለዳኞች ያወጣል፤ ማን እንደነገረው አያወጣም።»

«ሳይገረፍ?» አለ ማረሻሎው።

«ሳይገረፍ።»

«ይወጣል?»

«ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም።»

ማረሻሎው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ገበሬ ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ላይ ሲውል ተሰላችቶ አንዱን ምስኪን አሳልፎ ይሰጣል ብሎ አስቧል። የማን ስም ሊጠራ እንደሚችልም ጀልባዋ አፍንጫ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ እያየ አሰበ። ይሄይስ ሰውን መካከል ወንዝ ላይ ማናገር ልማዱ ነውና ጀርባው ላይ ምን እንደሚታሰብ ገባው።

የአውጫጩ ዳኛ ቀኛዝማች ወልደ ሥላሴ ሆኑ። ሽማግሌ ናቸው፤ ለጣሊያን ገብተዋል፤ በገቡበት ልክ ብቻ ያገለግላሉ። ማረሻሎው ሁለት አስካሪ ጀልባዋ ጋ ይቅር ብሎ ሲያዝዝ ቀኛዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም። ይቅሩ። ከአውጫጭ የቀረ ሰው ዕዳው የእሱ ነው። ሌባው ከሁለቱ አንዱ ነው ማለት ነው። ጨረስን፤ ሌላው ሰው ወደ እርሻው ይሂድ።»

ተስፋው ይህን ሳያሳጥር ተረጎመ። ማረሻሎው ወደ አስካሪዎቹ ዞረና ማን ይቀራል አለ። ሁሉም ዳግሙን ፈትነዋል። አንዱ ሆዱን እንዳመመው ተናገረ፤ ሌላው ከአውጫጭ መቅረት በአባቱ አገርም ነውር መሆኑን አስረዳ። ሹምባሹ፣ ማለትም የአስካሪዎቹ አለቃ፣ እሱ ራሱ የመጀመሪያው ተቀማጭ እንደሚሆን አስታወቀ። የሚቀር ጠፋ። ማረሻሎውም አንድ ግማሽ ቀን ነው ብሎ ሣጥኑን ነካክቶ፣ የአንገቱን ቁልፍ ዳስሶ ወጣ።

ዋርካው ያለው ከመሻገሪያው ዳገት ላይ ነው። ከዚያ ወንዙ አይታይም፤ ጉብታ ይጋርደዋል። ድምፁ ግን ይሰማል። ወንዱ ሁሉ በየዕድሜው ተደርድሮ ተቀመጠ፤ አስካሪዎቹ በአንድ ወገን፣ ማረሻሎው በራሱ ወንበር ላይ። አባ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን አወጡ።

«አይቶ ያላየ፣ ሰምቶ ያልሰማ የመሰለ የተገዘተ ይሁን። ፍርድ ሳይሰማ የተነሣ ዕዳው በራሱ ላይ ይሁን።»

«ይሁን» አለ ሰው ሁሉ። አስካሪዎቹም «ይሁን» አሉ። ማረሻሎው ተስፋውን ምን ይላሉ አለው፤ ተስፋው «ባርከውሃል» አለው።

ወፍ ተደርገው የተመረጡት ክንፈሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው አንዱ ብቻ ስለሚሰማ ሁሉም በቀኝ በኩል እየዞረ ይነግራቸዋል። የይሄይስ ተራ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ተገዝቷል፤ መዋሸት አይችልም። የሚያስቀው ነገር መዋሸት አላስፈለገውም።

«ማረሻሎው ነው» አለ በሹክሹክታ። «አስካሪዎቹም አሉበት። እኔም ለሚስቴ ክብር ቀምሻለሁ።»

«የሚስትህን ክብር ሰው ሁሉ ነው የሚጠብቅልህ» አሉ ክንፈሚካኤል፤ «ከአንተ በፊት የመጡት ሁሉ ይህንኑ ነግረውኛል። ሂድ።»

ማረሻሎውም ከተስፋው ጋር ሄዶ ነገራቸው። ክንፈሚካኤል ሰምተው ወደ ይሄይስ አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

ሁሉም ሲጨርስ ወፉ ለቀኛዝማች ነገሩ። ቀኛዝማች ረጅም ጊዜ ጢማቸውን ጎተቱ። ከሳሹ ሌባ ሆኖ የወጣበት አውጫጭ አልገጠማቸውም። ይህንን ተናግረው ወደ ቤታቸው በሰላም የሚገቡበትን መንገድ እየፈለጉ ሳለ ከታች አንድ ድምፅ መጣ።

ሳል ነበር። ብረት ሲያስል።

ይሄይስ መሬት መሬቱን አየ። ገመዱን ሳበችው ማለት ነው። ቤንዚኑ ግን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ እዚህ ማረሻሎው አንገት ላይ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር በአረቄ እንደማይነሣ ያውቃል፤ ማረሻሎው ስንት ጊዜ ሞክሮ ተሳድቧል። ሁለተኛ ሳል መጣ፤ ከዚያ ዝም። 

ማረሻሎው ቀና አለ። «ምንድነው?»

«ዝንጀሮ ነው» አለ ሹምባሹ ሳያቅማማ። መነሣት የማይፈልግ ሰው ዝንጀሮ ቶሎ ይታየዋል።

ሦስተኛው ሳል ረዘመ፤ ተንተባተበ፤ ከዚያም ሳይታሰብ ሞተሩ ጮኸ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ የሸለቆውን ሁለት ወገን የሚሞላ ጩኸት ነው። ዝንጀሮ ነው የሚል አልተገኘም።

ማረሻሎው ብድግ ሊል ወንበሩን ያዘ። ቀኛዝማች ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ።

«ተስፋው፣ ንገረው። አሁን የተነሣ ሰው ሌባው እሱ ነው። ሰምቶ ይነሣ።»

ተስፋው በዕድሜው ረጅሙን ትርጉም ጀመረ። የግዝትን ትርጉም አስረዳ፤ የአውጫጭን ታሪክ ከአባቶች ጀምሮ አነሣ፤ ፍርዱ ወደ ቡሬ ለካፒቴኑ እንደሚላክም አከለበት። ማረሻሎው ግማሽ ተነሥቶ፣ ግማሽ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሞተሩ ከታች እየጮኸ ይሄዳል። ይሄይስ በጆሮው ይከተለዋል። ከዳር ወጣች። ወደ መካከል ገባች። አሁን ወደ ቀኝ ማለት አለባት፤ ቀኝ፤ ቀኝ በይ እንጂ። ከታች አንድ ጓ የሚል ድምፅ መጣ፤ ቋጥኙን መታችው። ሞተሩ ተንተፋተፈ።  ሞተሩ እንደገና ጮኸ።

«አስካሪዎች ተነሡ» አለ ማረሻሎው።

አስካሪዎቹ ወደ ሹምባሹ አዩ። ሹምባሹ ወደ ሰማይ አየ። ማንም አልተነሣም።

ማረሻሎው ተሳደበና ራሱ ተነሣ። ጠመንጃ ነጥቆ ቁልቁል ሮጠ። ቀኛዝማች ጢማቸውን ለቀቁት።

«እንግዲህ» አሉ፤ ከሸክም እንደተገላገለ ሰው ተነፈሱ። «ወፉ ከሚናገር ራሱ ተናገረልን። ቢሆንም ፍርድ እስክሰጥ ማንም እንዳይነሣ።»

ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ሆድ ላለው ሰው ደግሞ የበለጠ ይረዝማል። ሞተሩ ማዶ ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም ቆየ፤ ከዚያ ድምፁ ወደ ታች፣ ወንዙ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። ይሄይስ ይህ አልገባውም። እሷ ወደ ታች የምትሄድበት ምክንያት የለም። ታች ፏፏቴ ነው። ከዚያ ተኩስ ተሰማ። አንድ፤ ቆይቶ ሌላ፤ ከዚያ በላይ በላዩ።

ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ያለው ሰው ክንዱን ይዞታል፤ መቼ እንደያዘው አያውቅም። ቢነሣ ሁሉም ነገር ይገለጣል። በሕይወቱ ብዙ ሰው መካከል ወንዝ ላይ አቁሟል፤ እንዲህ ያለ ጭንቅ ላይ ግን ማንንም አቁሞ አያውቅም። ተቀመጠ። ተኩሱ አበቃ። ሞተሩም ራቀ፤ ራቀ፤ ጠፋ።

ማረሻሎው ሲመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እስከ ወገቡ ረጥቧል፣ ቆቡ የለም። ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ ነው። ቀኛዝማች ፍርዱን በጨዋ ደንብ ተናገሩ፤ አውጫጩ ሌባውን አግኝቷል፣ ሌባው ፍርድ ሳይሰማ ተነሥቶ ሮጧል፣ ውሳኔውም ለካፒቴኑ በመልእክተኛ ይነገራል።

ማረሻሎው ተስፋውን ወደ ጥግ ወሰደው። ሲመለሱ የሚናገረው ተስፋው ነው፤ ማረሻሎው የሚያየው መሬት ነው።

«ማረሻሎው የሚሉት እንዲህ ነው። ላይ ደጋው ዝናብ ጥሏል። ድንገተኛ ውሃ መጥቶ ጀልባዋን ወስዷታል። የጠፋው ቤንዚን፣ ላምባውና አረቄው ሁሉ ጀልባዋ ውስጥ ነበር። ሌባ የለም፤ ወንዝ ነው።»

ቀኛዝማች አባ ወልደ ዮሐንስን አዩ። «አባ፣ ወንዝ ወሰዳት ማለት ያስገዝታል?»

«አሁን የት ነው ያለችው?» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ።

«ወንዙ ጋ።»

«እንግዲያ ምን ያስገዝታል» አሉ፤ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

አስካሪዎቹ ውሃው ሲወስዳት በዓይናቸው ማየታቸውን ለመመስከር ተሽቀዳደሙ። ጀልባዋን ማን ነዳት ብሎ የጠየቀም ነበር፤ ወንድ ሁሉ ዋርካው ሥር እንደነበረ ራሱ ማረሻሎው ምስክር ነው። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። የሴቶቹን ስም ያነሣ የለም፤ ያሰበም የለም።

ይሄይስ የአረቄ ቤቷ በር ላይ ሲደርስ አደይ እሳቱን ታራግባለች። ፀጉሯ ርጥብ ነው። ሀብትነሽ አጠገቧ ቀሚሷን ትጨምቃለች። ከብቅሉ ክምር ጀርባ ማንም የለም። ይሄይስ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

«ተኩሱ?» አለ።

«ባዶ ጀልባ ላይ ነው የተኮሰው» አለች አደይ።

«ወደ ታች ለምን ሄድሽ?»

«እኔ አልሄድኩም። እሷ ናት የሄደችው። ማስነሣቱን አይቻለሁ እንጂ ማጥፋቱን አላየሁም፤ እናንተ ሁልጊዜ የምታጠፉት ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ነው። አሸዋው ላይ ወጣን፣ የባዬ ሰዎች አወረዱት፣ ብረቱ ዝም አልል አለ። በምን ዝም እንደሚል ማናችንም አላወቅንም። ይሄ ጩኸት ጣሊያንን ይጠራል አሉ። ገፍተን ለቀቅናት። እኛ ራቅ ብለን፣ የባዬ ሰዎች በሰጡን ቅል ተመለስን።»

«ቤንዚን ሳይኖር በምን አስነሣሻት?»

«ከአረቄው ማቀዝቀዣ የፈላውን ውሃ ወስጄ፣ ጨርቅ ነክሬ ብረቱን ጠቀለልኩት። እንደ ወላድ አሞቅኩት። ከዚያ ከዳግሙ የመጀመሪያዋን ጠብታ ሰጠሁት፤ ለእናንተ ሰጥቼ የማላውቀውን።»

«አያ ይሄይስ» አለች ሀብትነሽ ቀሚሷን እየጨመቀች፤ «ቋጥኙ ወደ ግራ ነው ብለውን ነበር።»

«ከግራው ራቁ ነው ያልኩት።»

«እኛ ወደ ግራ ሄድን።»

ማረሻሎው ክረምቱ ሳይገባ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሌላ ጀልባ አልመጣም። መሻገሪያው ላይ የቀሩት አስካሪዎች ከማዶ ዕቃ ሲያስፈልጋቸው ይሄይስን አዲስ ቅል እንዲጠፍር ለመኑት፤ እሱም እየተለመነ ጠፈረ። ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ቤንሻንጉል ወርዶ ታይቷል ይላል። እስከ ሱዳን ሄዷል የሚልም አለ።

ኅዳር ላይ ውሃው ሲጎድል ከማዶ አንድ ሰው ተሻገረ። የባዬ ጓደኛ ነው። ወጌሻው ጥይቱን አውጥቶ የባዬን እግር አድኖታል፤ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል። መልእክትም ልኳል።

«ምን አለ?» አለች አደይ።

ሰውየው አመነታ። «ጥይቱን ይቅር ብያለሁ በላት አለኝ። ያን የቋጥኝ ምት ግን ይቅር አልላትም፤ አሁንም ቀዝቃዛ ሲሆን የሚያመኝ እሱ ነው አለ።»

አደይ ዳግም ቀድታ ለመልእክተኛው ሰጠችው። ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ከፈለገ» አለች፤ «የነጂነቱን ሥራ በሚመጣው ጊዜ እሱ ይሥራ። እኔ ጭኔን ተመትቼ እተኛለሁ።»